አንድ በእጅ

ሻርባኒ ጥቁሯን ሰሌዳ አባቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ሃያ ሰባት ሲደመር አርባ ስምንት ጻፈችላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮልካታ ውስጥ ካልኩለስ ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው ቁጥሮቹን ትክ ብለው አዩ።

«ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት፤ አምስት ይጻፋል፣ አንድ በእጅ» አሉና ግራ እጃቸውን ጨበጡ። እዚያው ላይ ሐሳቡ ጠፋቸው። ጠመኔው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፤ ግራው ግን እንደተጨበጠ ቀረ።

«በቃ ተወው ባባ። ና እጅህን ላስታጥብህ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ» ብላ ጣቶቻቸውን ቀስ አድርጋ ልትፈታ ሞከረች።

ጭብጣቸውን ደረታቸው ላይ ሸሸጉና እንደ ባዕድ አዩዋት።

«አይንኩብኝ፣ እህቴ። ልጄ ሁልጊዜ በእጅ የያዘችውን መደመር ትረሳለች። እስክትመጣ ነው የያዝኩላት።»