የተቃጠለ ዘይት

«ጋሼ፣ ለጣውላ በር ቫርኒሽ ይሻላል፤ እስከ ነገው ሠርግ ይደርቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ዝናብና ምስጥ ቢከላከልም ይገማል፤ ቶሎ ስለማይደርቅም ልብስ ያበላሻል» አለ ቀለም ቀቢው።

አባትየው ልጁ ትርሲት የምታገባውን ሰው አስታወሰ። ሰውየው ምሳ ተጋብዞ ከጥርሱ በጥፍሩ ጎርጉሮ ያወጣውን ሥጋ አየት አድርጎ መልሶ ውጦት ነበር።

«በውጭ በኩል ዘይቱን ቀባልኝ። ነገ በትከሻው ሲገፋው እናያለን!» አለ አባትየው።

በማግስቱ ሚዜዎቿ እንደ ወጉ በሩን ከውስጥ ይዘው «አታልፍም!» እያሉ ሲዘፍኑ፣ ሙሽራው ከነነጭ ሱፉ ተደግፎ ገፋው። በሩ ሲበረገድ ከጉንጩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ፣ እየገማ ገባ። አባትየው አፍንጫውን ይዞ ሳቁን አፈነ።

ትርሲት «ውይ የኔ ጌታ! ማነው እንዲህ ያደረገብኝ?» ብላ ከነነጭ ቬሎዋ ተጠመጠመችበት።