ሦስት ጊዜ የተደወለላት ልብስ ሰፊ

«ጻፍ! አንድም ቃል እንዳትቀንስ!»

ሰፊዋ ናት... ጠረጴዛዬን በመዳፏ መታችው።

እኔ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋርጬ የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እበላለሁ።

እሷ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናት። የነበረችበት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ልጆች ይዛ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት።

«ምን ልጻፍልሽ እህቴ?»

«አቤቱታ! ሆስፒታሉ ለስፌት ክፍሉ መርጦኝ ነበር... አንደኛ አድርጎ! ዛሬ ብሄድ ሌላ ሰው ቀጥረዋል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ሦስት ጊዜ ደውለናል ነው የሚሉት። የሚያነሳው ወንድ ነው። ሁለቴ ‹ተሳስታችኋል› ብሎ ዘጋ። በሦስተኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ሌላ ሥራ አግኝታ ሄዳለች!› በቃ... ሰረዙኝ።»

«ማን ይሆን?»

«የልጆቼ አባት ነዋ! ያን ሰሞን ስልኬን ነጥቆኝ ሦስት ቀን ይዞት ነበር። ስሙን አስገባልኝ!»

ደሜ ፈላ... አስገባሁት። «ጨካኝ» የምትለዋን እንደውም ከራሴ ጨመርኩ።

«ማስረጃ አለሽ?»

ሆስፒታሉ ኮፒ አድርጎ የሰጣትን ማመልከቻ ከፌስታል አወጣች። በንዴት ብዛት እሷ እንኳ አላየችውም። እኔው የጻፍኩላት ነው።

ስልክ ቁጥሩ ላይ ስደርስ... ደግሜ አነበብኩት።

የእኔ ስልክ ነው!

ድሮ ለራሴ ሥራ ስፈልግ የጻፍኳት ማመልከቻ ኮምፒውተሩ ላይ አለች። ደንበኛ ሲመጣ እሷኑ ከፍቼ ስም፣ አድራሻና ስልክ እቀይርባታለሁ። በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ሰው... የሷን የጻፍኩ ዕለት ስልኩን መቀየር ረስቻለሁ።

«ቆይ፣ አንዴ ላንብበው» ብላኝ ነበር እኮ!

«ሰዓት እየሄደብሽ ነው፣ እኔን አታምኚኝም?» ብዬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

ሲደወልስ? እኛ ሰፊዋ ነው የምንላት... የጠሩትን ስም አላወቅኩትም። ስሟን የጻፈው ጣቴ እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። በሦስተኛው ሰለቸኝና ቀለድኩ።

ቀለድኩ...

ነገርኳት። ዝም ማለት እችል ነበር... ግን የዚያ ምንም ያላደረገ ሰውዬ ስም ስክሪኑ ላይ ሆኖ ያፈጥጥብኛል።

ወገን... ማመልከቻችሁን ማንም ይጻፍላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ስልካችሁን ቁጥር በቁጥር እዩት። ሰዓት ሄደ የሚላችሁን አትስሙ። የእኔን ብጤ አትመኑ!

እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሉኝ ነበር? ኮመንት ላይ እውነቱን ንገሩኝ።

እሷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ወረቀቷን አጥፋ ፌስታሏ ውስጥ መለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና...

«የደወለችው የሆስፒታሉ ጸሐፊ ‹ሰውየው እየሳቀ ነበር› ብላኛለች... ምን ነበር ያሳቀህ፣ ወንድሜ?»