ልጁን ማን ይያዝ?

የሦስት ዓመቱ ዚያድ የአያቱን ጉትቻ ዋጠ። እናቱ ናህላ እያለቀሰች፣ አያቱ ሐጃ ፈውቂያ እየተራገሙ ደመንሁር ሆስፒታል ራጅ ክፍል ደረሱ። የሐጃ ባል ሐጂ ሸውቂ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ውጭ ቀሩ።

ሐጃ ገና አርባ አራት ዓመታቸው ነው። በአሥራ ስድስት ተዳሩ፣ ልጃቸውም በጊዜ አግብቶ አያት አደረጋቸው። መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ግን ሰፈሩ ሁሉ እንደ አሮጊት እጃቸውን ይስማል። እሳቸውም አልጠሉትም።

"ጨረሩ ልጄን አይጎዳውም?" አለች ናህላ። "ካንሰር ያመጣል ይላሉ።"

የራጅ ባለሙያዋ ሳማህ ይህን በቀን ሃያ ጊዜ ትጠየቃለች።

"እውነቱን ልንገርሽ እህቴ። ካፈሩም ከሰማዩም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨረር ያገኘናል፤ ይሄም የጥቂት ቀን ያህል ቢሆን ነው። ፈጽሞ አይጎዳም ብዬ አልምልልሽም፣ ግን ኢምንት ነው። ጉትቻው ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ መውጣት አለበት። አንድ ፎቶ፣ በቃ።"

"በር ላይ የቆመ ሰውስ?" አሉ ሐጃ ከኮሪደሩ ጫፍ። መኪናው አጥወልውሏቸው ሎሚ ይመጥጣሉ።

"ምንም አይደርሰውም ሐጃ።"

"ግድግዳው ወፍራም ነው?"

"ኧረ ምሽግ ነው!"

ልጁን ሁለት ሰው መያዝ አለበት፤ አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን። ሳማህ እንደ ደንቡ ናህላን ጠየቀቻት።

"እርጉዝ ነሽ?"

ናህላ ክው አለች። ባሏ ኩዌት ከሄደ አሥራ አንድ ወሩ ነው።

"የምን እርጉዝ!"

"ምነው ታዲያ ደነገጥሽ?" ሐጃ ሎሚውን ከአፋቸው አወጡ። "ልጄ በሰው አገር ይለፋል፣ አንቺ እዚህ ስትጠየቂ ትገረጫለሽ? በዚያድ ማይ!"

"በዚያድ እምላለሁ! የፈራሁት ለልጄ ነው!"

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። አንዲት ሴትዮ በጣቷ ወር መቁጠር ጀመረች። ሳማህም ጠረጠረች።

"እህቴ፣ እዚህ መደበቅ ለጽንሱ ነው ጉዳቱ።"

"አምጪው!" ናህላ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ ከሳማህ እጅ ነጥቃ ለበሰች። እንባዋን ሳትጠርግ ልጇን አቅፋ ገባች፣ ሁለት እጁን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

እግሩ ቀረ። ዚያድ ይራገጣል፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ያዝረበርባል።

ሳማህ ሌላ ሽርጥ ይዛ ወጣች።

"ሐጃ፣ ይግቡ እንጂ!"

"አልገባም።"

"ለሕፃኑ ያልከፋ ለርስዎ ይከፋል? ምራትዎን በሰው ፊት እንዲያ አዋርደው፣ አሁን የልጅ ልጅዎን እግር መያዝ ያቅትዎት?"

ሐጃ ፈውቂያ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አዩ። ሐጂ ሸውቂ ገና አልመጡም። ወደ ሳማህ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሦስት ወሬ ነው። ለሐጂም ገና አልነገርኩም።"