የምድር ቅርጫ

ከደብረ ማርቆስ የመጣው ባለሙያ ገበሬውን ሰብስቦ፣ «ምድር ሳትሞቅ የምትችለው ጭስና ከብት ተለክቶ ለየአገሩ ተከፋፍሏል። ለዚህ ቀበሌ በየቤቱ ሁለት ከብት ደርሷል» ሲል ከገበሬዎቹ አንዱን፣ ፈንታን፣ መራራ ሳቅ ቀደመው። ሁለቱን በሬዎች ለእርሻ ቢያስቀር፣ የልጆቹ ወተት የሆነችው አንዲት ላሙ ልትሸጥበት ነው። ካጥሩ ላይ ጭራሮ ሰበረና ለባለሙያው ዘረጋለት።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ጋሼ?»

«ዕጣዬ ነዋ! ቅርጫ ገብተህ አታውቅም እንዴ? ሥጋው ተመድቦ ሁሉም ዕጣውን ይጥላል፤ የመደበው ሰውዬ መጨረሻ የተረፈውን ያነሳል። ለመሆኑ የእናንተዎቹ መዳቢዎች ምን ተረፋቸው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ባለሙያው ግን ጭራሮዋን በጣቱ እያሽከረከረ፣ «እነሱማ ቀድመው አንስተዋል» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ፈንታ ወደ ተረተሩ ዞሮ፣ ሣር የምትግጠውን ላሙን «ነይ ውረጂ፣ ተበልቶ አልቋል» አላት።