እንቅልፍ ያጣው መኪና

«የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና በራሱ ቻርጅ አይጨርስም። እኔ ሥራ ስገባ እየነዳሽው ነው፤ ቁልፉን አምጪ!» አለ ታላቅ ወንድሟ መዳፉን ዘርግቶ። ኤሌክትሪሻኗ እህቱ ከተከፈተው ኮፈን ቀና አላለችም። የመለኪያዋን መቆንጠጫ የባትሪው ገመድ ላይ አድርጋ የሚወጣውን ኃይል ቁጥር ታይ ነበር። ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ዜሮ አጠገብ ረጋ። መኪናው ተኝቷል፤ ከባትሪው የሚበላው ኃይል የለም።

«ወንድም ጋሼ፣ ስነዳ አይተኸኛል?»

«አንድ ቀን መያዝሽ አይቀርም! ስብሰባ ላይ ሆኜ እንኳ በየመሃሉ በስልኬ አየዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» በሌላ እጁ ስልኩን አውጥቶ የመኪናውን አፕ ከፈተ።

ኮፈኑ ሥር የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ቁጥሩም ከተኛበት ዘሎ ተነሳ። ማንም መኪናውን አልነካውም። መለኪያውን ወደ እሱ አዞረችለት።

«በስልክህ ባየኸው ጊዜ ሁሉ ትቀሰቅሰዋለህ። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ነስተኸው ቻርጁን የጨረስከው አንተው ነህ። የጠረጠረም ይመነጠራል፣ ጋሼ።»

መዳፉ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር። ቁልፉን አጠገቧ ካለው የመሣሪያ ጠረጴዛ አንስታ ኪሷ ከተተች፤ መዳፉ ላይ መለኪያውን አስቀመጠችለት።