ከዶሮዋ ሥር

እጇን ከዶሮዋ ሥር ስትሰድ፣ ለሆቴል ዶሮ የሚገዛው ሰው ባዶ ቅርጫቱን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። በብድር የገዛቻቸው ዶሮዎች መኖ ከመጨረስ በቀር አንዲት እንቁላል አልጣሉም፤ ለሥጋ ልትሸጣቸው ቆርጣለች። ዋጋቸው የዕዳዋን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ቀሪውን አበዳሪዎቹ የሚያገኙት የዋሷን የስፌት መኪና ነጥቀው ነው፤ ሲያበድሩ «አይዞሽ» ባዮች፣ ሲያስከፍሉ ዘመድ አያውቁም።

ዋሷ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ዛሬ ቀድማት ዶሮ ቤት ገብታ ጠበቀቻት፤ አሁንም አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ትንቆራጠጣለች።

«እትዬ፣ እያፈጠጥሽባቸው እንዴት ይጥላሉ? የኔም ባል ካፈጠጡበት እህል አይወርድለትም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ያንቺ ባል መች እምቢ ብሎ ያውቃል?»

ይህን እያለች ጣቷ እንቁላል ነካ። ልቧ ዘለለ። ስታወጣው ግን ከሱቅ እንደመጣ ቀዝቃዛ ነበር፤ አሁን የተጣለ እንቁላል ደግሞ ይሞቃል። ቀና ስትል ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላለች፤ እጅጌዋ ላይ የጎጆው ገለባ ተጣብቋል።

ባለዶሮዋ እንቁላሉን በሁለት እጇ አፍና ወደ በሩ ዞረች።

«ሂድ ወንድሜ» አለችው ገዢውን፣ «የምትጥል ዶሮ አትሸጥም።»