የስምንት ሰዓቱ መርፌ

አውቶቡሱን ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ፌርማታ በሌለበት፣ ጥግ አስይዤ አቆምኩና ቁልፉን ነቀልኩ። ሰባ ሰው ነበር የጫንኩት፤ ግማሹ ቆሟል።

«ምንድነው? ተበላሸ እንዴ?» አለ አንዱ ከመሃል።

«አልተበላሸም» አልኩ ከመቀመጫዬ እየተነሳሁ። «አምስት ደቂቃ ታገሱኝ፤ መርፌ ተወግቼ መጣሁ።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩት። ከጠዋት ጀምሮ ደብቄው የዋልኩት የመርፌ ቱቦ ግራ እጄ ላይ በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ትኬት ቆራጩ ጋሼ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ ሽበቱ ዓይኔ እያየ ነው የወጣው። ቱቦውን አየና ጠጋ አለኝ።

«ልጄ፣ የስምሪት ኃላፊው ይሰቅልሻል።»

«ይስቀለኝ። እስኪሰቅለኝ ልወጋ።»

አፌን ሳልዘጋ ስልኬ ጮኸ። አውቶቡስ ያለቦታው ሲቆም ኃላፊው ቢሮ ባለው ስክሪን ላይ ቀይ ይበራል። ስልኬ ደግሞ አርጅቷል፤ ድምፁን ካላጎሉት አይሰማም። ስለዚህ ጭቅጭቃችንን ሰባው ሰው ሰማው።

«ለምን ቆምሽ?»

«ትናንት ነግሬሃለሁ፣ ከትናንት ወዲያም ነግሬሃለሁ። ፈረቃ ቀይርልኝ ብዬ የሐኪም ወረቀት አምጥቼልሃለሁ።»

«ተተኪ የለም አልኩሽ! የሽንት ነገር አይደል እንዴ? የትኛዋ ሴት የሌለባት? ኪኒንሽን ዋጥ አድርጊና ንጂ!»

ኪኒን ዋጥ አድርጊ! ስንቱን ዋጥኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ነው ያቃጠለኝ። ከመነሻ እስከ መድረሻ ሁለት ሰዓት ነው፤ በመሃል ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም። እንዳይመጣብኝ ስል ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀምስም። ሲያቃጥለኝ ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ያንኑ ባለሁለት ቀለም እንክብል ገዛለሁ። በሦስተኛው ቀን ሲተወኝ የተረፈውን ለሚቀጥለው ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንዴ ለእህቴ አካፍያታለሁ፤ አንዴ ደግሞ ከአማቷ የተረፈውን አምጥታልኛለች። ጀርሙን ተባብረን ነው ያሳደግነው።

ባለፈው ሳምንት መሪው ላይ እያለሁ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ሆስፒታል ሄድኩ፤ ጀርሙን ከሽንቴ አውጥተው ላብራቶሪ ውስጥ አሥር ዓይነት መድኃኒት ሞከሩበት። ወረቀቱ ላይ በዘጠኙ ፊት ያለው ቃል አንድ ነው፦ ተላምዷል፣ ተላምዷል፣ ተላምዷል።

«የቀረችን ይቺ አንዷ ናት» አለችኝ ሐኪሟ፣ የመጨረሻውን መስመር በእስክሪብቶዋ እየከበበች። «ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ አራት። ሰባት ቀን። አሁን ተሻለኝ ብለሽ ብታቋርጪ፣ ሰዓቱን ብታሳልፊ፣ እሷንም ይለምዳታል። ከዚያ በኋላ እኔም የምሰጥሽ የለኝም።»

ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው።

«ስማ» አልኩት በስልክ። «ኪኒኑን ጀርሙ ለምዶታል። በእንክብል የሚገደል ነገር አይደለም አሁን ሽንቴ ውስጥ ያለው። ኩላሊቴን እስኪበላኝ አልጠብቅም።»

በሩ አጠገብ የቆመ፣ ቦርሳ ያነገተ ሰው «ኤጭ!» አለ። «እኛ ምን አገባን? የሰው ሥራ እየተበላሸ! ደግሞ ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን በአደባባይ… ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው እያልኩ እኮ ነው እዚህ የደረስኩት፣ ወንድሜ» አልኩትና ስልኩን ለጋሼ አስይዤ በአጠገቡ አልፌ ወረድኩ።

ነርሷ እየጠበቀችኝ ነበር። መድኃኒቱ ቀስ እያለ ሲገባ ቅዝቃዜው በክንዴ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰማኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ስምንት ከአራት። ስትጨርስ ሽንት ቤት ገባሁ፤ ሳልቸኩል። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ።

ስመለስ ባዶ አውቶቡስ ነበር የጠበቅሁት። አንዳንዱ ወርዶ ሄዷል፤ አብዛኛው ግን አለ። ጋሼ ስልኬን እንደ ትኩስ ነገር ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል።

«ነገ ቁልፍ ታስረክብ ይላል።»

ስልኩን ተቀብዬ ለኃላፊው መለስኩለት። «እስክትረከበኝ ድረስ ነገም በስምንት ሰዓት እዚሁ ነኝ። ከነገ ወዲያም። አራት ቀን ይቀረኛል፤ ጻፈው» አልኩና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

መቀመጫዬ ላይ ሳልደላደል ከኋላዬ ያሉት አሮጊት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ሽንት ቤት አለ?»

«አለ እማማ። ከዘበኛው ቤት ጀርባ ነው።»

«አራት ዓመት በዚህ መንገድ ስመላለስ አንድ ቀን ውኃ ጠጥቼ ተሳፍሬ አላውቅም» አሉና ተነሡ።

አንዲት እርጉዝ ሴት ተከተለቻቸው። ቀጥሎ በመስኮት በኩል የነበረችው፣ መሥሪያ ቤት የምትገባ የምትመስለው ልጅ፣ ጫማዋን እያጠለቀች ተነሣች። ከኋላ በርም ሁለት ወረዱ። «ሾፌር፣ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ!» አለች የመጨረሻዋ።

«ጭራሽ!» አለ ቦርሳ ያነገተው።

«ወንድሜ፣ ቦታ ተለቋል» አለው ጋሼ። «ቁጭ በል።»

ዘበኛው ግራ ገብቶት ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ አሮጊቷ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ እርጉዟ ወገቧን ይዛ፣ ሌሎቹም ተሰልፈው ይከተሉታል። ከግቢው ውስጥ አንዲት ሳቀች፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ሁለቱንም በሮች እስከ መጨረሻው ከፈትኳቸው።